ድንጋዩን ማን ይሸከም? በወረራ ስለተያዙ ሕዝቦችና ስለ ድርድር የቀረበ ምላሽ

በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ በወረራ የተያዙ ሕዝቦች ለሰላም ሲሉ ከያዙት አቋም መልቀቅ አለባቸው ይላል። ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ሰላም የሚመጣው ሁለቱም ወገን ሲሰጥ ነው፤ ደካማው እምቢ ባለ ቁጥር የሚያልቀው የራሱ ሰው ነው፤ ጊዜያዊ ስምምነት መተማመንን ይፈጥራል፤ ናሚቢያ ነጻ የወጣችው ሰጥታ ስለተቀበለች ነው፤ ዓለም ደግሞ ውሎ አድሮ መሬት ላይ ያለውን ያጸድቃል። ለማጠናከሪያም የእኛኑ ታሪክ ያነሣሉ፦ ዳግማዊ ምኒልክ ከዐድዋ ድል በኋላ የመረብን ማዶ (ኤርትራን) ለኢጣሊያ መተዋቸውን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1933 ለጣሊያኖች ምሕረት ማድረጋቸውን።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት እንቀበላለን። ጦርነት የሚያስከፍለውን አቃለው አላዩትም፤ እኛም አናቃልለውም። ነገር ግን ክርክራቸው በታሪክም በሕግም በድርድር አሠራርም የሚፈርስባቸው ቦታዎች አሉት። ነጥብ በነጥብ እንሂድበት። የኢትዮጵያን ጉዳዮች በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ የውጮቹን እ.ኤ.አ. ብለን እንጠቅሳለን።

«ሁለቱም ወገን ይስጥ»

ይህ የሚሠራው ሁለቱም የየራሳቸውን ይዘው ለተቀመጡ ባላንጣዎች ነው። አንዱ የሌላውን ይዞ ከተቀመጠ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ቆጠራው ከየት ይጀምራል የሚለው ነው።

የራሳችንን መዝገብ እንግለጥ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ግጭት የተነሣበት ወልወል ከድንበሩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ በኢትዮጵያ መሬት የሚገኝ የውኃ ጉድጓድ ነው። ኢትዮጵያ በ1920 ከኢጣሊያ ጋር የተፈራረመችውን የወዳጅነት ውል ጠቅሳ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት ይታይ አለች። ኢጣሊያ የመለሰችው ይቅርታና ካሣ በመጠየቅ ነው። አቤቱታው ወደ መንግሥታት ማኅበር ሄደ። ሌላ ግጭት እንዳይነሣ ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸው ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲሳብ አዘዙ። በመስከረም 1928 መጀመሪያ የማኅበሩ የአምስቱ ኮሚቴ የኢትዮጵያ ፖሊስ፣ ገንዘብና አስተዳደር በውጭ አማካሪዎች እንዲታገዝ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ለነጻ አገር የሚመርር ሐሳብ ነበር፤ ኢትዮጵያ ግን ለመነጋገሪያ መነሻ ይሁን ብላ ተቀበለችው። ኢጣሊያ ጣለችው። መስከረም 22 ቀን ጦሯ መረብን ተሻገረ።

ሁለት ወር እንዳለፈ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ዕቅዳቸውን አወጡ። ከትግራይ፣ ከደንከልና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለኢጣሊያ ይሰጥ፤ የደቡቡ ትልቅ ክፍል በስም የኢትዮጵያ ሆኖ የኢጣሊያ የኢኮኖሚና የሰፈራ ክልል ይሁን፤ ኢትዮጵያ በምትኩ ወደ ባሕር የምትወጣበት ቀጭን መተላለፊያ ታግኝ። «ሁለቱም ሰጡ» የሚለውን ሂሳብ እዚህ ላይ ይሥሩት። ኢጣሊያ ሰጠች የተባለው ገና በጦር ያልያዘችውን አገር አለመያዟ ነው። ዕቅዱ በፓሪስ ጋዜጦች ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ራሱ ተቆጥቶ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። እንግዳ የሆነ ሕዝብ ያፈረበትን ስምምነት ተወራሪው ለምን አልተቀበለም ብሎ መውቀስ ከባድ ነው።

ይኸው ሂሳብ በፍልስጥኤም ተደግሟል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 የፍልስጥኤም ነጻ አውጪ ድርጅት ለእስራኤል ዕውቅና ሲሰጥ፣ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ከነበረው አገር 78 በመቶ ገደማ የሆነውን ከክርክሩ አወጣ። ድርድሩ ከዚያ በኋላ የቀረውን 22 በመቶ እንደ ሙሉ እንጀራ ቆጥሮ እንደገና መቁረስ ጀመረ። የመጀመሪያው ስጦታ በማንም መዝገብ ላይ እንደ ስጦታ አልተጻፈም።

በአገራችን ሽምግልና ድንጋይ ተሸክሞ የሚንበረከከው በዳዩ ነው። ሽማግሌ ከብቱን የተነዳበትን ሰው «ግማሹን ተውለትና ታረቁ» ቢል ከዋርካው ሥር ማን ይቀመጥለታል? መጀመሪያ ከብቱ ይመለሳል። ስለ ካሣው መጠን፣ ስለ አከፋፈሉ፣ ስለ ይቅርታው ግን ተበዳዩ ሆዱን እንዲያሰፋ ይለመናል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

«እምቢታ የሚጨርሰው የራስን ሰው ነው»

በዚህ ነጥብ ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። እምቢታ ያስከፍላል። የቀረው ግማሽ መገዛት አያስከፍልም የሚለው ግምት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ማስረጃው ስድስት ኪሎ ቆሟል።

የካቲት 12 ቀን 1929 በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በሆነው ስፍራ፣ የተሰበሰቡት ድሆች ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ነበሩ። ከተማዋ ከተያዘች ዘጠኝ ወር አልፏታል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ መትረየሱ የዞረው በእነዚያ ባዶ እጃቸውን በቆሙ ሰዎች ላይ ነው። ግድያውና ቃጠሎው በየሰፈሩ ሦስት ቀን ቀጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞተውን 30,000 ብሎታል፤ የታሪክ ምሁራን በቁጥሩ ይከራከራሉ፤ በድርጊቱ አይከራከሩም። እጃቸውን ሰጥተው የነበሩ የተማሩ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ፤ የገቡ መኳንንት በመቶ እየተቆጠሩ ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ በግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ከእነዚህ መካከል ጠመንጃ ያልያዘው ይበዛል። መገዛት ለማን ጋሻ ሆነ?

ከውጭ አንድ ብቻ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1938 መጨረሻ በሙኒክ አራት መንግሥታት የቼኮዝሎቫኪያን ሱዴተን ለጀርመን ሲሰጡ ቼኮቹ በስብሰባው አልነበሩም። ከመሬቱ ጋር የሄደው አገሪቱ ድንበሯን የምትጠብቅበት ምሽግ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ መጋቢት 15 ቀን 1939 የጀርመን ጦር ፕራግ ገባ። የተያዘ ወይም ሊያዝ የተቃረበ ሕዝብ «ትንሽ መሬት» ሲጠየቅ መጀመሪያ መመርመር ያለበት በዚያ መሬት ላይ ምን እንደቆመ ነው፦ ምሽግ፣ የውኃ ምንጭ፣ ወደብ፣ መንገድ። ስፋቱ ብቻ ምንም አይናገርም።

ጸሐፊው መነጋገርንና መልቀቅን እንደ አንድ ነገር ማየታቸውም ልክ አይደለም። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ በአርበኝነት ሳሉ ከኢጣሊያው ጄኔራል ናሲ ጋር ተደራድረዋል፤ ድርድሩ ግን ለኢጣሊያ መግባትን አላስከተለም። ስለ ምርኮኛ ልውውጥ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ አዝመራ ጊዜ ተኩስ ማቆም፣ ቁስለኛን ስለ ማሳለፍ ከወራሪ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ መደረግም አለበት። ተወራሪው ሰላማዊ ሰውን ላለመግደል የገባበት ግዴታም በወረራው አይነሣለትም። ይህን ሁሉ ከተያዘ ሕዝብ መጠበቅ ተገቢ ነው። ሞቱን የሚሞተው እሱ ስለሆነ እስከ የት እንደሚታገል የሚወስነውም እሱ ነው፤ ዳር ቆሞ «ተው ልቀቅ» የሚለው አይደለም።

«ጊዜያዊ ስምምነት መተማመንን ይፈጥራል»

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ብዙ ሕዝብ የተጎዳው በዚህ በር ነው።

ጊዜያዊ ስምምነት በራሱ መጥፎ አይደለም። የሚበላሽባቸው ቦታዎች ግን የታወቁ ናቸው። እስራኤልና የፍልስጥኤም ነጻ አውጪ ድርጅት የተፈራረሙትን የኦስሎን ስምምነት እንውሰድ። የሽግግሩ ጊዜ አምስት ዓመት፣ የመጨረሻው ስምምነት ቀን ግንቦት 4 ቀን 1999 ተብሎ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተፈረመው ሁለተኛው ሰነድ ዌስት ባንክን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ከፈለው፤ 60 በመቶ ገደማ የሚሆነው «ሐ» ሙሉ በሙሉ በእስራኤል ቁጥጥር ሥር ሆኖ ቀስ በቀስ እንዲተላለፍ ነበር። አልተላለፈም። ለምን? ሰነዱ ውስጥ የሰፈራ ግንባታን በግልጽ የሚያቆም ቃል የለም። አለመግባባት ሲነሣ ወደ ጋራ ኮሚቴ ይኬዳል፤ ወደ ገላጋይ ዳኛ የሚኬደው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የያዘው ወገን ካልፈቀደ ዳኛ የለም። በ1994 በፓሪስ የተፈረመው የኢኮኖሚ ሰነድ ደግሞ የፍልስጥኤምን የገቢ ዕቃ ቀረጥ እስራኤል ሰብስባ፣ 3 በመቶ የአገልግሎት ቆርጣ፣ በየወሩ እንድታስተላልፍ አደረገ። ጠብ በተነሣ ቁጥር ያ ገንዘብ ይያዛል፤ የመምህርና የነርስ ደመወዝ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1993 በዌስት ባንክ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ሳይጨምር፣ 110 ሺህ ገደማ የነበሩት የእስራኤል ሰፋሪዎች ዛሬ ከ400 ሺህ በላይ ናቸው። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት የሌለበት «ጊዜያዊ» የሚጠቅመው ያዡን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መበላሻ ቆጠራ ነው። በምዕራብ ሰሐራ፣ አገሩን በያዘችው በሞሮኮና ለነጻነት በሚታገለው በፖሊሳሪዮ መካከል፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 1991 ተኩስ ቆመ፤ ሕዝበ ውሳኔው በጥር 1992 ይደረጋል ተባለ። መነሻው እስፔን በ1974 ያካሄደችው ቆጠራ ሲሆን 74 ሺህ ያህል ሰው ይዟል። ሞሮኮ መራጮች ናቸው ብላ ያቀረበቻቸው ከዚያ እጅግ በለጡ። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች ከ1994 ጀምረው ለዓመታት ሰው በሰው መርምረው ወደ 86 ሺህ መራጭ ሲለዩ ከ130 ሺህ በላይ ይግባኝ ቀረበ። ሕዝበ ውሳኔው ቀረ። ጠመንጃ ያስቀመጠው ፖሊሳሪዮ በአልጄሪያ በተንዱፍ መጠለያ ልጅ አሳደገ፣ የልጅ ልጅም አየ። «መራጭ ማን ነው» የሚለው ተኩስ ከመቆሙ በፊት በቁጥርና በስም ካልተዘጋ ሕዝበ ውሳኔ ተስፋ ሆኖ ይቀራል። ይህ ጉዳይ ሜክሲኮ አካባቢ ባለው የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ዛሬም ያልተዘጋ ፋይል ነው።

ሦስተኛው፣ ድምፁን ማን ይጠብቀዋል? ምሥራቅ ቲሞር ሕዝበ ውሳኔ ያገኘችው እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 1999 በተፈረመ ስምምነት ነው። የፈረሙት ኢንዶኔዥያ፣ ፖርቱጋልና የተባበሩት መንግሥታት ናቸው፤ ቲሞሮቹ በፈራሚነት አልነበሩም። ጸጥታውን እንዲያስከብር የተተወው ራሱ የያዘው የኢንዶኔዥያ ኃይል ነበር። ነሐሴ 30 ቀን 78.5 በመቶ የሚሆነው መራጭ ነጻነትን ሲመርጥ፣ ጦሩ ያደራጃቸው ታጣቂዎች ከተሞችን አቃጠሉ፤ በዚያ ዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ተገደለ፤ አብዛኛው ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ዓለም አቀፉ ጦር የገባው መስከረም 20 ቀን ነው፤ ከድምፁ ሦስት ሳምንት በኋላ። ወፏን ድመት ይጠብቅልሽ ማለት ይህ ነው።

«ናሚቢያ ሰጥታ ተቀበለች»

ናሚቢያ በእርግጥ ሰጥታለች። ምን እንደሰጠች መለየት ግን ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ይህን አልፈውታል።

ጉዳዩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ናሚቢያን የያዘችውን ደቡብ አፍሪካን ከዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አቁመዋል፤ በ1966 ዳኞቹ እኩል ለእኩል ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ክሱ ወደቀ። ፍርድ ቤቱ ግን በ1971 የደቡብ አፍሪካ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ ነጻ የምትወጣበትን መንገድ የቀየሰው፣ በ1978 የወጣው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 435 የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። ማለትም ድርድሩ የተጀመረው ያዡ መውጣት አለበት የሚለው ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ የተሰጠው የአወጣጡ ሥርዓት ነው። የደቡብ አፍሪካ ጦር በአንድ ቀን ውልቅ እንዲል አልተጠየቀም፤ በ12 ሳምንት ወደ 1,500 ወታደር ወርዶ በግሩትፎንቴይንና በኦሺቬሎ ሰፈር እንዲወሰን ተደረገ። ሕገ መንግሥቱ በጉባኤው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲጸድቅ የነጻነት ንቅናቄው ስዋፖ ተስማማ፤ በኅዳር 1989 ምርጫ ከ72 መቀመጫ 41 ብቻ ስላገኘ ብቻውን ማጽደቅ አልቻለም፣ ከሌሎች ጋር መጻፍ ነበረበት። የግል ንብረት ዋስትና ተሰጠ። የዋልቪስ ቤይ ወደብም በነጻነቱ ቀን፣ መጋቢት 21 ቀን 1990፣ አልተመለሰም። ሆኖም የጸጥታው ምክር ቤት ወደቡ ከናሚቢያ ጋር እንዲዋሐድ በ1978 በውሳኔ ቁጥር 432 ደግፎ ስለነበር መብቱ በጽሑፍ ቆይቶ መጋቢት 1 ቀን 1994 ተመለሰ። ጊዜው ተሰጠ፤ መብቱ አልተሰጠም።

ያም ቢሆን ያለ ዋጋ አላለፈም። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል 7,500 ይሆናል የተባለው ሰላም አስከባሪ ወደ 4,650 ተቀነሰ፤ የበጀቱ ክርክር ስለዘገየም ሥራው በሚጀመርበት ሚያዝያ 1 ቀን 1989 ከቦታው የደረሰው ጥቂት ነበር። በዚያው ዕለት የስዋፖ ታጋዮች ከአንጎላ ሲገቡ የያዡ ኃይል እንደገና ተለቆ በጥቂት ቀናት ከ300 በላይ ሰው ሞተ። የንብረት ዋስትናውም ሰፋፊ እርሻዎች በአብዛኛው በነጮች እጅ እንዲቆዩ አድርጎ፣ የመሬት ጥያቄ እስከ ዛሬ የናሚቢያ ቁስል ነው። የተሳካ የተባለው እንኳ ይህን ያህል ካስከፈለ፣ መብቱን ራሱን አስረክቡ የሚለው ምን ያህል ያስከፍላል?

«ዓለም መሬት ላይ ያለውን ያጸድቃል»

አንዳንዴ ያጸድቃል፤ ጉዳቱም ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት ሳሉ ለኢትዮጵያ መንግሥት ይከፈል የነበረ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ገንዘብ በኬብል ኤንድ ዋየርለስ ኩባንያ እጅ ነበር። በለንደን ፍርድ ቤት ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1938 ተፈረደላቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር እንግሊዝ የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዢ ብላ ዕውቅና ሰጠች። ይግባኙ ሲታይ ፍርዱ ተገለበጠ፤ ገንዘቡ የወራሪው ሆነ። ዕውቅና ማለት ይህ ነው፤ የተወራሪውን ኪስ ከፍቶ ለወራሪው መስጠት።

ግን ያ ዕውቅና ስንት ዓመት ቆየ? ኢጣሊያ በሰኔ 1940 ጦርነት ስትገባ እንግሊዝ ራሷ ቃሏን አጠፈች። ሜክሲኮ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይናና ኒውዚላንድ መጀመሪያውኑ አልተቀበሉትም፤ ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው በዚህ ነው። አሜሪካም በ1940 የባልቲክ አገሮችን መዋጥ አልቀበልም ብላ የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤቶቻቸውን በአገሯ ክፍት አድርጋ እስከ 1991 ቆይታለች። ግማሽ ምዕተ ዓመት።

ሕጉም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. የ1969ኙ የቪየና የውሎች ስምምነት በአንቀጽ 52 ኃይል በመጠቀም ወይም በማስፈራራት የተገኘ ውል ፈራሽ ነው ይላል። የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 47 በተያዘ አገር ያሉ ባለሥልጣናት ከያዡ ጋር በሚያደርጉት ስምምነት የሰዎቹ መብት ሊቀነስ አይችልም፣ በአንቀጽ 8 ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው እንኳ ይህን መብት ሊተዉት አይችሉም ይላል። ሕግ አውጪዎቹ ይህን የጻፉት የተያዘ ሰው ፊርማ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ ስለሚያውቁ ነው። ጸሐፊው ከተያዘው ሕዝብ የሚጠብቁት አንዳንዱ ነገር ሕዝቡ ቢሰጥ እንኳ ሕጉ የማይቀበለው ነው።

ምኒልክና 1933

ምኒልክ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የፈረሙት ድል አድርገው ነው። የውጫሌ ውል ተሰረዘ፤ የኢትዮጵያ ሙሉ ነጻነት ታወቀ። የመረብ ማዶ ነገር ግን ለጸሐፊው ክርክር አይመችም። በቅኝ ግዛት የቀረው ሕዝብ አልተጠየቀም፤ ሌላ በእሱ ፋንታ ፈረመ። ያ ውሳኔ ሰላም አመጣ ወይ? በ1928 ጦሩ የተነሣው ከዚያው ከመረብ ማዶ ነው።

ስለ ምሕረቱ ደግሞ ቀኑን ይመልከቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ያሉት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ነው። ወራሪው ከሥልጣን ወርዷል፣ ዋና ከተማዋ ተመልሳለች። ከዚያ በኋላ ጣሊያናዊው መካኒክና ግንበኛ በፒያሳና በካዛንቺስ ሥራውን ቀጠለ፤ ሕዝቡም አብሮ ኖረ። አቡነ ጴጥሮስን ግን በሐምሌ 1928 አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እሺ እንዲሉ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ በሐውልታቸው ሥር ያልፋል ብለን አናስብም። ምሕረቱና እምቢታው የአንድ ሕዝብ ናቸው፤ የለያቸው ጊዜው ነው።

አንድ እርማት እንጨምርና እናብቃ። ጽሑፉ ኢጣሊያ ከጦርነቱ በኋላ ዕዳዋን ከፍላ ሒሳቡ ተዘግቷል ይላል። እ.ኤ.አ. የካቲት 1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ የመደበው ካሣ 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ1956 በተደረገው ስምምነት ወደ 16 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ የቆቃ ግድብ ተሠራበት። በዚያው ውል አንቀጽ 37 የተወሰዱ ቅርሶች በ18 ወር ውስጥ እንዲመለሱ ተወስኗል። የአክሱም ሐውልት ከሮም ተነሥቶ የገባው ግን በእኛ አቆጣጠር በ1997፣ በቦታው ተመልሶ የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው።